የድርቆሽ አዳር

ገበያነሽ እማማ ሀጀራን አዝላ ከግቢው ስትወጣ ጎርፉ ወገቧ ላይ ደርሶ ነበር። የአሮጊቷ ክንድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ነጠላ ጫማዋን ጭቃው ከዋጠው ቆይቷል። አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንዲት የሞተች ፍየልና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሠርግ ፎቶግራፍ ከነመስታወቱ በአጠገቧ አልፈው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ወደ ዶራሌ የሚወስደው አስፋልት ከፊቷ ከፍ ብሎ ይታያል። በላዩ ላይ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች አንዱ የሌላውን ጅራት ይዞ ተሰልፈዋል።

«አውርጂኝ!» አሉ እማማ ሀጀራ ጆሮዋ ሥር። «አቦ አውርጂኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ!»

«በየትኛው እግርዎ?»

«ባለኝ እግር!»

ያላቸው እግር አንድ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ሌላው፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ ከአልጋ እስከ ወንበር ያደርሳቸው እንደሆነ እንጂ ጎርፍ የሚሻገር አልነበረም። ገበያነሽ ሽቅብ አድርጋ አዘለቻቸውና ቀጠለች።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ዓሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር ነው። ዝናብ ሲለመን የሚኖርበት የጅቡቲ ሰማይ፣ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። የቤቱ እመቤት ናዒማና ባሏ ጠዋት ካርቲየ አንድ በሚባለው ሠፈር ወዳለው ሱቃቸው ሄደው ነበር፤ የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ለሁለት ሲከፍላት ከወዲያ ማዶ ቀሩ። ናዒማ በስልክ አንድ ቃል ብቻ አድርሳለች፤ «ገበያነሽ፣ እናቴ በእጅሽ ናት።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ገበያነሽ በዚያ ቤት ስትኖር ብዙ ነገር በእጇ ተሰጥቷት ያውቃል፤ ድስት፣ መወልወያ፣ የሚተኮስ ልብስ። ሰው ተሰጥቷት አያውቅም። ቃሉ ከአሮጊቷ ይልቅ ይከብዳት ነበር።

ከአስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ሁለት ጠንካራ እጆች ወርደው አሮጊቷን ተቀበሏቸው። የእጆቹ ባለቤት ዋለልኝ የሚባል ሾፌር ነው፤ ሞተሩ ቢያርፍ አፉ የማያርፍ ሰው።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ! ትኬት ይዘዋል?»

«አንተ ቀልደኛ» አሉ እማማ ሀጀራ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «በዚህ ጎርፍ እንኳ ዝም በል።»

ዋለልኝ ሳቀ። የእማማ ሀጀራ አማርኛ የድሬዳዋ ነበር፤ ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» የሚል፣ ቁጣውና ፍቅሩ የማይለይ። ኢሳ ሶማሌ ናቸው፤ ጅቡቲ ተወልደው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን በአሮጌው ባቡር እየተመላለሱ በመነገድ ነው። ገበያነሽ «እርስዎ» ባለቻቸው ቁጥር፣ «ስንት ሆኜ ታየሁሽ?» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

የመኪኖቹ ጋቢና ሁሉ ከሠፈሩ በወጡ እናቶችና ሕፃናት ተሞልቷል። ዋለልኝ ከጋቢናው አራስ ሴት አስወርዶ አሮጊቷን ሊያስገባ ሲል እማማ ሀጀራ ዓይናቸውን አጉረጠረጡበት። ሕፃን ዝናብ ላይ አውጥተው እንደማይተኙ፣ ከዚያ ውሃው ቢወስዳቸው እንደሚሻላቸው ነገሩት። ደግሞም ዳሌያቸው አይታጠፍም፤ ቁጭ ብለው ማደር አይችሉም። ስለዚህ ከዋለልኝ ባዶ ተሳቢ ላይ፣ በሸራ ሥር፣ በብረቱ ወለል ላይ ካርቶን ተነጥፎ ተጋደሙ። ካርቶኑ ወዲያው ራሰ።

ጅቡቲ ላይ ስለ ብርድ ሲወራ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። እኔ ግን የምለው፣ ሰው የሚበርደው ከነውሃው ነፋስ ላይ ሲቀመጥ ነው። በሙቀት የኖረ አሮጌ ሰውነት ሲርስ፣ ነፋሱ ከባሕሩ እየተነሳ ሲገርፈው፣ ከሥሩ ደግሞ ብረት ሙቀቱን ሲመጥጠው፣ ያች አገር ሞቃት መሆኗ አያድነውም።

«ጋቢ!» አለች ገበያነሽ። «ማን ጋቢ አለው?»

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከደጋ ሲወርዱ ሚሌ ላይ ሰብለወርቅ የምትባል ባለ ምግብ ቤት ዘንድ ጋቢያቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ ሹራባቸውን ያስቀምጣሉ፤ ሲመለሱ ታጥቦ ተጣጥፎ ይጠብቃቸዋል። ከሚሌ ወዲህ ጋቢ ይዞ የተገኘ ሾፌር መሳቂያ ነው፤ «ገሃነም ሲወርድ ክብሪት ይዞ የሚሄድ» ይሉታል። እናም በዚያ ሰልፍ ውስጥ በነበሩት መኪኖች ሁሉ ቢፈተሽ አንዲት የጋቢ ክር አትገኝም። ለስንት ዓመት የሳቁበት ነገር በዚያች ማታ መልሶ አሳፈራቸው።

ዋለልኝ ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ፍሙ የቀላ የከሰል ምድጃ በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ሸራው ሥር አስገባና ዳርና ዳሩን ይወትፍ ጀመር።

«አውጣው» አለች ገበያነሽ።

«እንዴ! ይሙቃቸው እንጂ!»

«የታፈነ ከሰል ሰው ሲገድል አልሰማህም? አውጣውና ደጅ ሻይ አፍላበት። ስኳሩን አብዛው።»

ዋለልኝ የወተፈውን ሸራ ገለጠ። ምድጃውን ይዞ ወጣ።

ገበያነሽ የእማማ ሀጀራን እግር በመዳፏ እያሸች ቆየች። መጀመሪያ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እንዲያ እያሉ እንኳ ይሳደባሉ፣ ዝናቡን፣ ልጃቸውን፣ የቤቱን ግንበኛ። ቀስ በቀስ ስድቡ ሳሳ። ከዚያ መንቀጥቀጡም ቆመ። ዓይናቸውን ከድነው ፈገግ አሉ።

«አሁን ሞቀኝ» አሉ። «ልተኛ። ተይኝ ልተኛ።»

ገበያነሽ አጥንቷ ድረስ ደነገጠች። ያደገችው መንዝ ነው፤ ከጓሳ ሥር፣ ብርድ እንደ ጎረቤት ከሚኖርበት አገር። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በመከር ጊዜ አውድማ ላይ ገብስ ሲጠብቅ አብራው የምታድረው እሷ ነበረች። አባቷ ሁልጊዜ የሚላት ነበር፤ «ብርድ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይፈራም፤ የሚፈራው መንቀጥቀጡን የተወና ሞቀኝ የሚል ነው።» በአንድ ክረምት ጎረቤታቸው «ሞቀኝ» ብሎ ካባውን አውልቆ ተኝቶ በዚያው ቀርቷል።

«እንዳይተኙ! እማማ፣ ይሳደቡ! እኔን ይስደቡኝ!»

«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አሉ እማማ ሀጀራ። ይህ ከሁሉ የከፋ ምልክት ነበር።

ገበያነሽ ከተሳቢው ዘልላ ወረደች። ወዴት እንደምትሮጥ አታውቅም፤ ብቻ ትሮጣለች። ነፋሱ ከሰልፉ ጅራት በኩል ዞሮ ፊቷን መታት፤ በነፋሱ ውስጥ ከናፍጣውና ከጭቃው ሽታ ጋር ሌላ ሽታ መጣባት። ቆመች። የደረቀ ሣር ነው። የደጋ ሣር፣ በፀሐይ ታጭዶ የተከመረ። በዚያ የጨው አገር፣ በዚያ ጎርፍ መሐል፣ አገሯ አፍንጫዋ ሥር ገባ። እንባዋ መጣ፤ ግን የማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም። ሽታውን ተከትላ ከመኪና መኪና ሄደች።

የሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከጋቢና እስከ ጅራቱ በሸራ የተሸፈነና ገመዱ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ መኪና አገኘች። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ዝናብ እየወረደባቸው ገመዱን ይፈትሻሉ። ሻምበል ባሻ ልደቱ ይባላሉ። ሻምበል ባሻነቱ የእውነት ነው፤ በድሮው ጦር ውስጥ የመኪና ክፍል ባልደረባ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ማዕረጉን ይዘው ወጡ፤ ሾፌሩ ሁሉ በማዕረጋቸው ይጠራቸዋል፤ ያላወቀ «ጋሼ» ካላቸው አይዞሩም።

«ሻምበል ባሻ» አለች አንዱ ሾፌር ሲጠራቸው ሰምታ፣ «ይህ ድርቆሽ ነው?»

«ነው።»

«አንዲት አሮጊት በብርድ እየሞቱብኝ ነው። ጥቂት እስር ሣር ያውጡልኝ።»

ሻምበል ባሻ ልደቱ ሸራውን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። «ልጄ፣ ይህ ከሱሉልታ የመጣ ነው። በመርከብ ለሚጫኑት ከብቶች ነው። በዚህ ዝናብ ሸራ ከተፈታ ውሃ ይገባዋል፤ ውሃ የገባው ድርቆሽ ይሻግታል፤ የሻገተ ደግሞ ከብቱን ይገድላል። እኔ ልደቱ እርጥብ ጭነት አስረክቤ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። በዚህ መስመር ያለኝ ስም እሱ ብቻ ነው።»

«ስምዎን አላጠፋም። ሁሉንም ይፍቱ አላልኩም። ከኋላ፣ ነፋሱ በማይመታው በኩል፣ ከመሐል ብቻ ይውጣ። የግራና የቀኙ ግድግዳ ሆኖ ይቁም፤ ሸራው ታጥፎ ጣራ ይሁን። ጠብታ አይገባም። በድርቆሽና በገለባ ውስጥ ያደግሁ ነኝ።»

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

ጅቡቲ ከመጣች ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ «አዲስ አበባ» ነበር መልሷ። በዚያች ሰዓት ግን አገጯን ቀና አደረገች።

«መንዝ!» አለች። «ከጓሳ ሥር። እኛ አገር በብርድ ሰው አንገድልም!»

ሻምበል ባሻ ልደቱ የያዙትን ገመድ ቋጠሩ። «እስቲ ሴትዮዋን አሳዪኝ» ብለው ተከተሏት።

ዋለልኝ ከአሮጊቷ ራስጌ ቁጭ ብሎ፣ እንዳይተኙ ጉንጫቸውን መታ መታ እያደረገ፣ የማይረባ ቀልድ ሁሉ ያወራላቸዋል። ሻምበል ባሻ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነኩ፤ የእማማ ሀጀራ እጅ እንደ ዓሣ ቀዝቅዟል።

«እናቴ፣ ድርቆሽ ላወጣልዎ ነው» አሉ፣ ገና በሙሉ ልባቸው ሳይወስኑ።

እማማ ሀጀራ ዓይናቸውን ገለጡ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «የማን ነው?»

«የነጋዴ ጭነት ነው።»

«ተወው እንግዲህ» አሉ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። በባቡር ስንቱን አመላልሻለሁ። ፊናንሱን፣ የቀረጥ ፖሊሱን፣ አታልያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። የሰው አደራ ግን ፈትቼ አላውቅም። ለእኔ ብለህ ጭነት አትፍታ።»

ይህን ብለው መልሰው ዓይናቸውን ከደኑ። እየለመኑ ቢያለቅሱባቸው ኖሮ ሻምበል ባሻ ምናልባት ያቅማሙ ነበር። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የሰው ጭነት የሚያስከብር ሰው ግን አይተው አያውቁም። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወታደር አለቃው ፊት እንደሚቆም።

«ሰውም አደራ ነው እናቴ» አሉ። «ዋለልኝ፣ አንሳ! በራስጌ ያዝ!»

ገመዱን ራሳቸው ፈቱ። ማንንም አላስነኩም። የኋላውን የብረት መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ አውርደው፣ ገበያነሽ ባመለከተቻቸው በኩል፣ ከመሐል እስሮቹን አንድ በአንድ ስበው አወጡ። ሸራውን ከላይ አጥፋ ጣራ አደረገችው። ከወጡት እስሮች ገሚሱን እንዳሉ በወለሉ ላይ ደረደረች፤ የቀሩትን ፈትታ በላያቸው ጉልበት እስኪደርስ ነሰነሰች። ብርድ ከላይ ሳይሆን ከታች እንደሚመጣ፣ ሰው ከሚለብሰው ይልቅ የሚተኛበት እንደሚበልጥ፣ ለእሷ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ዋለልኝን «ወፈር አድርገው! ገና ነው! ለአልጋ አትስሳ!» ስትለው ድምፅዋ የቤት ሠራተኛ ድምፅ አልነበረም፤ አውድማ ላይ የምታዝ ባለ ርስት ትመስል ነበር።

ከዚያ ወንዶቹ አሮጊቷን ድርቆሹ ላይ አጋድመው፣ ጀርባቸውን አዙረው ሸራውን እንደ መጋረጃ ያዙ። ገበያነሽ የአሮጊቷን እርጥብ የድርያ ቀሚስ፣ እርጥብ ሻሽ፣ እርጥብ ጉርድ አንድ ሳታስቀር አወለቀች። ሻምበል ባሻ ፊታቸውን ሳያዞሩ ከጋቢናቸው ያመጡትን አሮጌ የጦር ሠራዊት ሸሚዝና ሱሪ በእጃቸው አቀበሏት። አልብሳቸው፣ በሸሚዙና በሆዳቸው መካከል እፍኝ እፍኝ ለስላሳ ድርቆሽ ጠቀጠቀች። እግራቸውን ድርቆሽ በሞላበት ንጹሕ ጆንያ ውስጥ ከተተች፤ ራሳቸውን በደረቅ ፎጣ ጠመጠመች። የራሷንም እርጥብ ቀሚስ አውልቃ፣ የዋለልኝን ቱታ ለብሳ፣ ከጀርባቸው ገብታ አቀፈቻቸውና ሁለቱንም እስከ አንገታቸው በድርቆሽ ቀበረች።

ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። እማማ ሀጀራ አይንቀሳቀሱም። ገበያነሽ ጉንጯን ማጅራታቸው ላይ አስጠግታ ትጠብቃለች። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ በልቧ ኪዳነ ምሕረትን ጠራች፣ በአሮጊቷ ፈንታም አላህን ጠራች፤ ማንም ቀድሞ ይስማ ብላ። ዋለልኝ ያፈላውን ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ በማንኪያ ከንፈራቸው ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጡ።

ከዚያ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ከትከሻቸው ጀምሮ አንድ ትንሽ ነገር ተነሳ። ወደ ክንዳቸው ወረደ። ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። እማማ ሀጀራ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመሩ!

ገበያነሽ ሳቀች፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«አንቺ… ምን ያስቅሻል?» አሉ እማማ ሀጀራ እየተንቀጠቀጡ። «ፍየል አደረግሽኝ እኮ! በሣር ቀበርሽኝ! ይኼ… ይኼ ደግሞ አንገቴን ይበላኛል!»

«ይብላዎት! ይሳደቡ! ይጨምሩ!»

«የማን ሱሪ ነው ያለበስሽኝ?»

«የሻምበል ባሻ።»

«ያ ሐቅ! ጌታዬ!» ብለው በጣቶቻቸው ዳበሱት። ቆይተው፣ «ወፍራም ነው። ጥሩ ሱሪ ነው» አሉ።

ሙቀቱ ከድርቆሹ ውስጥ ቀስ እያለ ተነሳ፤ የሁለቱን ሰውነት ሙቀት ይዞ መልሶ ለእነሱ ይሰጥ ጀመር። ምላሳቸው ሲፈታ እማማ ሀጀራ በብርድ እሷ ብቻ እንድትመካ አልፈቀዱም። በልጅነታቸው ከጅቡቲ ድሬዳዋ ክፍት የጭነት ፉርጎ ላይ፣ ጨው ላይ ተኝተው ሌሊቱን ይጓዙ እንደነበር አወሩላት።

«ፊናንሱ የልብስ ቦንዳ ሲፈትሽ ሰው ላይ ያለውን ልብስ አይነካም። ሰባት ቀሚስ ደራርቤ እለብስ ነበር። ቀረጡም ቀረ፣ ብርዱም ቀረ። የእናንተ መንዝ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ገበያነሽ እየሳቀች። «እኛ አንድ የጠጉር ባና ነው ያለን። ግን በግ ራሱ ሰጥቶን ነው፤ ቀረጥ የለበትም።»

«እሺ፣ እኩል ነን» አሉ እማማ ሀጀራ። ከእሳቸው አፍ «እኩል» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ገበያነሽ ጨለማው ውስጥ ፊቷ ጋለ።

ከጎን ካለው ተሳቢ ሕፃን ሲያስል ተሰማ። እማማ ሀጀራ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «አንተ ወታደር!» ብለው ተጣሩ። «ውጭ ሰው አለ?»

«ሞልቷል እናቴ። ጋቢና ያልበቃቸው።»

«ታዲያ እዚህ ለምን አታመጣቸውም? እኔ ንግሥት ነኝ? አልጋው ሰፊ ነው!»

ሻምበል ባሻ ልደቱ «አንዴ ከፈታሁት» አሉና ሌላ ረድፍ አወጡ። ሴቶቹና ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ። ገበያነሽ ከድርቆሹ ውስጥ አንገቷን ብቻ አውጥታ በአማርኛም፣ በለመደችው ሶማሊኛም ታዝ ጀመር፤ እርጥቡ ይውለቅ፣ እግር ጆንያ ውስጥ ይግባ፣ ልጆች መሐል ይሁኑ፣ ማንም ብረት እንዳይነካ። የሚጠይቃት አልነበረም። ሁሉም ያለችውን አደረገ። ሾፌሮቹ ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሸራውን ይዘው፣ እየተፈራረቁ፣ በዝናብ ቆመው አደሩ። ጋቢ ባይኖራቸው ጀርባ ነበራቸው።

ሲነጋ ዝናቡ አባራ። ከባሕሩ ላይ ፀሐይ ወጣች፤ የጅቡቲ ፀሐይ ናትና ወዲያው ማቃጠል ጀመረች። ከድርቆሹ ውስጥ ልጆች ፀጉራቸው ላይ ሣር እንደተሰካ እየዘለሉ ወረዱ። የሞተ ሰው አልነበረም። ሻምበል ባሻ ልደቱ እጃቸውን በእስሮቹ መሐል እስከ ክርናቸው አስገብተው ፈተሹ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ ከላይ። ደረቅ ነው። የተፈታውን ግን ለብቻ አስቀመጡ።

«ስለዚህ ለባለ ጭነቶቹ ምን ይሏቸዋል?» አለ ዋለልኝ።

«እውነቱን ነዋ! ሰው አድሮበታል እላለሁ። ካልፈለጉት ሂሳቡ በእኔ ነው። ልደቱ እርጥብ አላስረከበም፤ ሙቅ ነው ያስረከበው።»

ገበያነሽ እስሮቹን መልሳ ትደረድር ጀመር። እማማ ሀጀራ በጦር ሠራዊት ሸሚዝና ሱሪ፣ ፎጣቸውን እንደ ጥምጥም ጠምጥመው፣ አንድ እስር ላይ ተቀምጠዋል። ገመድ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ሻምበል ባሻ ገመዳቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ጥቂት አመነቱና ጫፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። አሮጊቷ በቆረፈዱ ጣቶቻቸው አንድ የድሮ የባቡር ነጋዴ ቋጠሮ ቋጠሩ። ሻምበል ባሻ ሳብ አድርገው ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሐል ናዒማ ደረሰች። ሌሊቱን በራስ ዲካ ሠፈር ከዘመድ ቤት ስታለቅስ አድራ ነው የመጣችው፤ ባሏ መኪናውን ጭቃው ዳር አቁሟል። ለፀሐዩ የዘረጋችውን ጃንጥላ እንደያዘች እየሮጠች መጣች። እናቷን በሱሪ ስታይ አፏን ያዘች። በሕይወት ስታያቸው ደግሞ የተሳቢውን ብረት ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ እንደ ለመደችው፣ ሽቅብ ተጣራች።

«ገበያነሽ! ቶሎ ውረጂ፣ እማዬን ወደ መኪናው እንውሰዳት!»

ገበያነሽ የያዘችውን እስር ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች። እማማ ሀጀራ እጇን ያዙ።

«አትጥሪያት» አሉ ልጃቸውን ቁልቁል እያዩ። «የሰው ጭነት ፈትተን ነው ያደርነው። ሳናስር አንወርድም።»

ገበያነሽ ቀና አለች፤ እስሩን ወደ ቦታው ወረወረችው። ሻምበል ባሻ ገመዱን አቀበሏት። ናዒማም ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ጭቃው ውስጥ ቆማ ጠበቀች።